«ልብዎ 55 በመቶ ነው» ሲባሉ፤ የልብ ጡንቻ አቅም ያለ ቀዶ ሕክምና እንዴት ይለካል?

ከልብ አልትራሳውንድ ክፍል የሚወጣ ሰው በእጁ አንድ ወረቀት ይዞ ነው። የወረቀቱ አብዛኛው መስመር በእንግሊዝኛ አሕጽሮት የተሞላ ነው። ከመካከሉ ግን አንድ ቁጥር ጎልቶ ይታያል፤ 60 በመቶ፣ 55 በመቶ፣ አንዳንዴም 30 በመቶ። ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ከመቶ የሚሰጥ ውጤት ምን እንደሆነ ያውቃልና ወዲያው በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። 55 የተባለው «ልቤ በግማሽ ሞታለች» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። 60 የተባለው ደግሞ «ደህና ነኝ፣ ክትትሉ ይቅርብኝ» ይላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚያሳስበው የሁለተኛው ነው።

በወላይታ ዞን እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመለስ ሰው መንገዱ አጭር አይደለም። ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ፣ ከገሱባ ወይም ከበሌ አካባቢ የተነሣ ሕመምተኛ በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ሶዶ ከተማ በተለምዶ «ኦቶና» ወደሚባለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። ቀኑ ባክኖ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ወጥቶ፣ አስታማሚ ከሥራ ቀርቶ የተገኘ ወረቀት ነውና ትርጉሙን አውቆ መመለስ ተገቢ ነው። በዛሬው የጤና ዓምዳችን የምንመለከተውም ይህንኑ ነው።

መሣሪያው የሚያየው ምንድን ነው?

ልብ ሲታመም ምርመራው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤሲጂ የሚባለው፣ ደረትና እጅ እግር ላይ ገመድ ተለጥፎ የሚታተመው ግራፍ፣ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይመዘግባል። ምቱ የተዛባ መሆኑን፣ ለልብ ጡንቻ የሚደርሰው ደም መቋረጡን ሊጠቁም ይችላል። ጡንቻው ምን ያህል ደም እንደሚገፋ ግን አይለካም። የደረት ራጅ የልብን ስፋትና በሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽን ያሳያል፤ ነገር ግን ጥላ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ልብ ስትኮማተርና ስትፈታ፣ በሮቿ ሲከፈቱና ሲዘጉ በዓይን የሚያሳየው የልብ አልትራሳውንድ ነው። በሆስፒታል ቋንቋ «ኢኮ» ይሉታል።

ስሙ የገደል ማሚቶ ማለት ነው፤ አሠራሩም እንደዚያው ነው። ደረት ላይ የሚደገፈው ትንሽ መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውስጥ ይልካል። የእኛ ጆሮ በሰከንድ ከ20 ሺህ ንዝረት በላይ አይሰማም፤ ለአዋቂ ልብ የሚላከው ድምፅ ግን በሰከንድ ሁለት ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ንዝረት አለው። ድምፁ በሥጋችን ውስጥ በሰከንድ 1 ሺህ 540 ሜትር ያህል ይጓዛል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ የልብ ግድግዳ ነጥሮ ለመመለስ የአንድ ሰከንድ አምስት ሺህኛ ያህል ጊዜ ብቻ ይፈጅበታል። ማሽኑ ይህንን የመመለሻ ጊዜ እየቆጠረ ግድግዳው የት እንዳለ ይሥላል። ሕክምናውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድን ሉንድ ከተማ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለር እና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትዝ ናቸው። ኸርትዝ መጀመሪያ የተዋሰው መሣሪያ በመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ የሚያገለግል ነበር።

ጨረር የለውም። መርፌ የለውም። ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም ይሠራል። «ልብን የሚያይ ማሽን ልብን ያደክማል» የሚል ወሬ የሚሰሙ አንባብያን ካሉ፣ ሐሰት መሆኑን በእርግጠኝነት ልንነግራቸው እንችላለን።

የመቶኛው ምሥጢር

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ባለሙያዎች «ኢጄክሽን ፍራክሽን» ይሉታል። የልብ ግራ ታችኛው ክፍል በደም ሞልቶ ሳለ ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት እጁን ወደ ሰውነት ይረጫል? የሚለካው ይህ ነው። ጤነኛ ልብ የያዘውን በሙሉ አይረጭም፤ ሁልጊዜም የተወሰነውን ያስቀራል። ስለዚህ መቶ ከመቶ የሚባል ጤናማ ልብ የለም። በጥቅሉ ከ55 እስከ 70 በመቶ ያለው ጤናማ ነው፤ ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ ጡንቻው በግልጽ ደክሟል ይባላል። በመካከል ያለው ደግሞ ሐኪሙ ከሌሎች ምልክቶች ጋር አገናዝቦ የሚፈርድበት ነው። እንግዲህ 55 የተባለው ሰው ልቡ በግማሽ አልሞተችም፤ የደህና ሰው ልብ ናት።

በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይገባል። አንድ ጤነኛ ልብ በሞላ ጊዜ 120 ሚሊ ሊትር ደም ይዞ 50 ሚሊ ሊትር አስቀርቶ 70 ይረጫል እንበል። 70 ለ120 ሲካፈል 58 በመቶ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ ወደ 5 ሊትር ደም ያዳርሳል። አሁን ደግሞ ጡንቻው የደከመ ልብ እንውሰድ። ጡንቻው ሲላላ ክፍሉ ይለጠጣል፤ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የሚረጨው ግን 60 ብቻ ነው። 60 ለ200 ሲካፈል 30 በመቶ ይሆናል። ይህ ልብ በደቂቃ 85 ጊዜ ቢመታ፣ እርሱም 5 ሊትር ገደማ ያዳርሳል!

ብዙ ሰው የልብ ድካም ይዞት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይታወቀው የሚኖረው ለዚህ ነው። ልብ በመስፋትና በመፍጠን ጉድለቷን ትሸፍናለች። ተቀምጦ ሲያወራ ደህና የነበረ ሰው ግን ወደ ዳሞታ ተራራ የሚወስደውን አቀበት ሲጀምር፣ ወይም አንዲት እናት ጆንያ ተሸክማ ወደ ሶዶ ገበያ ስትወጣ መጠባበቂያው ያልቃል። ትንፋሽ ይቆራረጣል። «ዕድሜ ነው»፣ «ውፍረት ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቁጥሩ በመዝገብ ሚዛን እንደተመዘነ ስኳር አይደለም። መለኪያው የሚያዘው በሰው እጅ፣ መስመሩ የሚሰመረው በሰው ዓይን ነውና አንድን ሰው በተመሳሳይ ቀን ሁለት ባለሙያዎች ቢለኩት ከ5 እስከ 10 ነጥብ ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ባለፈው 50 የነበረው ዘንድሮ 46 ቢባል ልቡ ተንዷል ማለት አይደለም። ከ55 ወደ 35 ከወረደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮውን ወረቀት መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ሲሆን፣ በየሆስፒታሉ «ወረቀቱ ቤት ቀረ» የሚለው መልስ ስንቱን ምርመራ ዋጋ እንዳሳጣው ሐኪሞች ያውቁታል።

በከፍተኛ ማዕከላት ከዚህም የረቀቀ መለኪያ አለ። የልብ ጡንቻ በአንድ ምት ርዝመቱ በስንት እጅ እንደሚያጥር በኮምፒውተር ይከታተላል፤ በጤነኛ ሰው 20 በመቶ ገደማ ነው። በወረቀት ላይ የሚጻፈው ከመቀነስ ምልክት ጋር ነውና «ከዜሮ በታች ሆነብኝ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው እንዳይኖር። ጥቅሙ የመቶኛው ቁጥር ከመውረዱ በፊት የጡንቻውን መዳከም ቀድሞ መናገሩ ነው። ለካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ልብን ስለሚጎዱ በሕክምናው ላይ ያሉ ሰዎችን ለመከታተል በጣም ይረዳል።

ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልብ ሲታመም

ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። በአገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች ዋነኛው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ተራ የሚመስል የጉሮሮ ሕመም ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም ይይዘውና በወቅቱ አይታከምም፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ሕመም ይከተላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ ወደ ራሱ ልብ ይዞራል። የልብ በሮች ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ ወይም በሚገባ መዘጋት ይሳናቸዋል።

በግራ በኩል ያለው ማይትራል የተባለው በር ሲጠብ ምን ይሆናል? በጤነኛ ሰው ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ወደ 1 ነጥብ 5 እና ከዚያ በታች ሲጠብ ከባድ ነው። ደም ከሳንባ ወደ ታችኛው ክፍል መውረድ ያቅተዋል፤ ሳንባ በፈሳሽ ይርሳል። ታችኛው ክፍል ግን የደረሰውን ጥቂት ደም በደንብ ይረጫልና መቶኛው 60 ሊባል ይችላል። ሰውዬው መተንፈስ አቅቶት ወረቀቱ «ደህና» ይላል።

በሩ አልዘጋ ሲልም እንዲሁ ያታልላል። ልብ ስትኮማተር ከደሙ ከፊሉ ወደ ኋላ ይሾልካል። ማሽኑ ሲለካ የልብ ክፍል ባዶ መሆኑን እንጂ ደሙ ወደ ፊት ይሂድ ወደ ኋላ መቶኛው ብቻውን አይለይም። በዚህ የተነሣ በከባድ የማይትራል በር መሹለክ ቁጥሩ 60 እና ከዚያ በታች ሲሆን ሐኪሞች ጡንቻው መጎዳት ጀምሯል ብለው ስለ ቀዶ ሕክምና ያስባሉ። ለአንዱ ሰው የጤና የሆነው 60 ለሌላው የማንቂያ ደወል ነው።

ስለዚህ ከምርመራ ክፍል ሲወጡ «ስንት በመቶ ሆነ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በሮቹ እንዴት ናቸው? የሳንባ ደም ሥር ግፊት ጨምሯል ወይ? በልብ ውስጥ የረጋ ደም ታይቷል? ቀጣዩ ምርመራ መቼ ነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች አስታማሚ በደብተር ጽፎ ይዞ ቢገባ ይመረጣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ደግሞ ከእያንዳንዱ የኢኮ ወረቀት ግርጌ ለሕመምተኛው የሚገባ አንድ መስመር፣ በአማርኛ ወይም በወላይትኛ፣ ቢጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትሄድ አንብባ ታስረዳ ነበር።

ነፍሰ ጡር እናቶች ለየት ያለ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በእጅጉ ስለሚጨምር፣ የጠበበ በር እንዳላት ሳታውቅ የኖረች ወጣት ሕመሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገለጠው ያኔ ነው። ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ልብም በእርግዝናው የመጨረሻ ወርና ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ ጡንቻው በድንገት ሊደክም ይችላል። የእግር እብጠትና ድካም በእርግዝና የተለመደ ነው ተብሎ ይታለፋል። ጠፍጣፋ ሆና መተኛት ካቃታት፣ ሌሊት አየር አጥሯት ከተነሣች፣ ከወለደች በኋላ እብጠቱ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ግን አራስ ቤት የሚያስቆያት ምክንያት የለም።

እግር ሲያብጥ፤ በወላይታ ሁለት መንገድ

በወላይታ ያበጠ እግር ሲታይ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የዝሆኔ በሽታን ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ይህ ሕመም በወላይታ በስፋት ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰዎች ከአምስት በላይ የሚሆኑትን እንደያዘ አመልክቷል። ችግሩ ግን ልቡ ደክሞ እግሩ ያበጠ ሰውም በዚያው ስም ተጠርቶ፣ በመገለል ፍርሃት ጋቢውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አውርዶ ቤቱ መቀመጡ ነው።

ሁለቱ ይለያያሉ። የዝሆኔ እብጠት ከጣትና ከእግር መዳፍ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቀራል፤ በዓመታት ውስጥ እያደገ ቆዳውን ያጠነክራል፣ ያሻክራል። አንዱ እግር ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። ከልብ ድካም የሚመጣው ደግሞ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመጣል፤ በሁለቱም እግር ይታያል፤ ማታ ይብሳል ጠዋት ይቀንሳል፤ በአውራ ጣት ጫን አድርገው ሲለቁት ጉድጓዱ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሆድ መነፋት፣ ሳል፣ ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አለመቻል ይከተለዋል። የዝሆኔ በሽታ ጅማሬውም ለስላሳ ሊሆን ስለሚችል፣ ኩላሊትና ጉበትም እግር ስለሚያሳብጡ፣ በእግር ብቻ መፍረድ አያስተማምንም። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ የሚገኙበት ጊዜም አለ። በዝሆኔ ሕክምና ላይ ያለ ሰው አዲስ የትንፋሽ ማጠር ከመጣበት «ያው የለመድኩት ነው» ሳይል ልቡን መታየት አለበት።

ለምርመራው ሲሄዱ

ለተለመደው የልብ አልትራሳውንድ መጾም አያስፈልግም። በጠዋት ከገጠር ተነሥቶ ባዶ ሆዱን እስከ ቀትር ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጎዳል። በጉሮሮ በኩል መሣሪያ የሚገባበት ልዩ ዓይነት ግን ጾም ይጠይቃልና የትኛው እንደታዘዘልዎ ይጠይቁ። የየቀኑን መድኃኒት ሐኪም ካልከለከለ ሳያቋርጡ ይሂዱ፤ ካርቶኑን ወይም ብልቃጡንም ይያዙ። ከወገብ በላይ መውለቅ ስላለበት ለሴቶች ወጥ ቀሚስ ሳይሆን ሁለት ክፍል ያለው ልብስ ይመቻል፤ የሴት አጋዥ እንድትገኝ መጠየቅም ነውር የለበትም። በግራ ጎን ተኝተው፣ ደረትዎ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቶ፣ አንዳንዴ «ትንፋሽ ይያዙ» እየተባሉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይቆያሉ። መሣሪያው ጎድን ላይ ጫን ሲል ትንሽ ሊያም ይችላል፤ ከዚያ ያለፈ ሥቃይ የለውም።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቆ መሄዱን ያረጋግጥ። አቋርጦ የሄደ ከኪሱ ለመክፈል ይገደዳል።

ቁጥሩ ሲሻሻል መድኃኒት ይቁም?

የደከመ የልብ ጡንቻ በመድኃኒት ሊያገግም ይችላል። 30 የነበረው ከአንድ ዓመት በኋላ 55 ሆኖ ሲገኝ ደስታው ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ነው። አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ድነናል ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ።

ይህ ጉዳይ በለንደን በጥንቃቄ ተሞክሯል። ልባቸው ሰፍቶ ከነበረና በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ካገገሙ 51 ሰዎች መካከል ገሚሶቹ በሐኪም ክትትል ሥር መድኃኒታቸውን ቀስ በቀስ እንዲያቆሙ ተደረገ፤ የቀሩት ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ካቆሙት ውስጥ 44 በመቶ የሚሆኑት በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ሕመማቸው ተመልሶባቸዋል። መድኃኒቱን ከቀጠሉት አንድም ሰው አልተመለሰበትም። በቅርብ ሐኪም እያያቸው ይህ ከሆነ፣ በራሱ ፈቃድ ያቆመ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጸሎቱንም ጸበሉንም መያዝ ይቻላል፤ ኪኒኑን ግን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይተዉ።

በሁለት ኢኮ መካከል ያሉት ወራት ደግሞ በቤት ውስጥ የሚጠበቁ ናቸው። ሚዛን የሚያገኝ ሰው ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ይመዘን። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ስብ ሳይሆን ውኃ ነውና ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጨው ይቀነስ። የወላይታ ዳጣ በልብ ሕሙማን ላይ የሚያመጣው ጣጣ ከቃሪያው ሳይሆን አብሮ ከሚፈጨው ጨው ነው፤ በጨው የሚጠጣ የቡና ቅጠልም እንዲሁ። ለሕመምተኛው ጨው ሳይገባ ለብቻ ማዘጋጀት ይቻላል።

ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ መሣሪያ

የበሩ ጉዳት ከበረታ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ወይም በደም ሥር በሚገባ ፊኛ በሩን ማስፋት ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘውና ዶክተር በላይ አበጋዝ ከመሠረቱት ሥራ የተወለደው የልብ ማዕከል ለዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወረፋ የያዙበት ነው። ከሶዶ ተነሥቶ ያንን ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ የታመመበት ወላጅ ያውቀዋል።

ለዚህ ነው የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ የተዘጋጀውን የሩማቲክ ልብ ሕመምን የማጥፋት ሰነድ ያጸደቀው፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ2018 ውሳኔ ያሳለፈው። ዛሬ የእጅ ስልክ የሚያክል የልብ አልትራሳውንድ አለ። በሰሜን ዩጋንዳ የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው ልጆችን ሲመረምሩ፣ አንዳች ሕመም የማይሰማቸው ግን የልብ በራቸው መጎዳት የጀመረ ልጆችን አገኙ። 818 ልጆች ለሁለት ዓመት በሁለት ተከፍለው ተጠኑ። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው 0 ነጥብ 8 በመቶ ብቻ ናቸው፤ መርፌውን ካልወሰዱት ግን 8 ነጥብ 2 በመቶ። መርፌው አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት በሥራ ላይ ያለና ርካሽ መድኃኒት ነው።

በወላይታ ያሉ ወላጆች የእጅ መሣሪያው ትምህርት ቤታቸው እስኪደርስ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም የያዘው ልጅ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይቅረብ። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል። የወር መርፌ የታዘዘለት ልጅ ቀጠሮው ከአራት ሳምንት እንዳያልፍ ቀኑ በግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ በጊፋታ በዓል ሰሞን ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ቤተሰብም ከመነሣቱ በፊት ያስወጋው፣ ወይም በሚሄድበት ቦታ እንዲወጋ ካርዱን አስይዞ ይላከው።